«የማሽን ድምፅ ስለነበረ ምንም አልሰማሁም»

«ይድረስ ለወንድሜ። ሕመምህ እንዴት ይዞሃል? ነገሩን ሰምተሃል፤ ብዙ አላወራበትም። ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ነገር ተፈጥሯል። የአለቃው ልጅ ከእኛ ሌላ ቤት የለውም፤ እሷም ከእንግዲህ ከእሱ የተሻለ አታገኝም። አሁን የሚያስፈልገን የእርቅ ወረቀት ነው። እንዳንተ የሚጽፍ የለም። እንደ ፊተኛው አሳምረህ ጻፍልንና፣ ባለድርሻ ነህና ከሥሩ ፈርምበት። የችሎቱ ቀጠሮ ጥር 14 ስለሆነ ከዚያ በፊት ይድረስልኝ። እግዜር ይማርህ። ወንድምህ።»

ከዚህ በላይ ያለውን ደብዳቤ ታላቅ ወንድሜ ባለፈው እሑድ በገዛ እጁ ጽፎ ልኮልኛል። ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ ዋናው ከዚህ ኑዛዜ ጋር ተያይዟል። ኑዛዜዬን በሌላ ሰው ቃል መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ያለዚህ ደብዳቤ ዝም ብዬ እሞት ነበር።

ዛሬ ረቡዕ ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመኖሪያ ክፍሌ መስኮት ሥር ባለው አልጋ ላይ ተደግፌ ይህን ቃል የምሰጠው እኔ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት ዓመት የሆነ፣ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሬ የተመረቅሁ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሳለሁ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። የታመመው ጉበቴ ነው፤ አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ካለ የዛሬውን ቀን፣ የአራቱን ምስክሮች ሥራና ትናንት የበላሁትን ይጠይቀኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላባበለኝም። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ጡረተኛዋ ነርስ፣ ከታች ፎቅ ያለው ልብስ ሰፊ፣ የመዝገብ ቤቱ ጠራዥና ቃሌን የምትጽፈው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ጸሐፊዋ የምለውን ሁሉ እንደምለው ትጽፋለች፤ አታሳምርም። ማሳመር ምን እንደሚያመጣ ከታች ይነበባል።

አንደኛ፤ ስለ ሬሳዬ። ስሞት ታላቅ ወንድሜ በቀብሬ ላይ እንዳይናገር። የሕይወት ታሪኬ ከተነበበ «ሰላማዊ ሰው ነበር» የሚለው አረፍተ ነገር እንዳይገባበት። ሰላማዊ ሳይሆን ዝምተኛ ነበርሁ። ሁለቱ የሚለያዩ መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ትናንሽ ነገሮች። መጻሕፍቶቼ በሙሉ ለጸሐፊዋ ይሰጡ። አሥራ ሁለት ዓመት አራት ነጥቧን ሳርምባት ኖሬያለሁ፤ ይቅርታ እየጠየቅሁ አይደለም፤ ስሕተት ነበረች። የጽሕፈት ጠረጴዛዬ ለጠራዡ ይሁን። ጥቁሩ ካፖርቴ ራሱ ለሰፋው ለልብስ ሰፊው ይመለስ። ግራ እጅጌው ዛሬም ያጥራል።

ልብስ ሰፊው እዚህ ላይ፣ «ኧረ እጅህ ነው የረዘመው! ሦስት ኑዛዜ መስክሬያለሁ፤ እንደዚህ የሚነታረክ ሟች አይቼ አላውቅም» ብሏል። ጸሐፊዋ «ይኼም ይጻፍ ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ይጻፍ ብያለሁ።

ሚስት የለኝም፤ ልጅ የለኝም። ለምን እንዳላገባሁ ማወቅ የሚፈልግ ተራ ቁጥር ሦስትን ያንብብ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰጠሁት የሐሰት ቃል። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ቤት ገብቼ ሳለ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አባታችን በተወልን እንጨት ቤት ውስጥ ትልቁ መጋዝ ላይ ቆሜ የጥድ ጣውላ እሰነጥቅ ነበር። አባታችን ከሞተ ዓመት ሆኖት ነበር። እንጨት ቤቱን በኑዛዜው ለሁለት ወንዶች ልጆቹ እኩል ትቶ፣ ለሴት ልጁ «ትዳር አለላት» ብሎ አልፏል። ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጠውን ይህችን እኅቴን እታለም እላት ነበር። የሠራተኞቹን ምሳ ዕቃ ልትሰበስብ መጥታ ነበር። የአናጢዎቹ አለቃ፣ አባታችን እንደ ልጁ ያሳደገው ሰው፣ ሰጋቱራ የሚከማችበት ክፍል ውስጥ ጎትቶ አስገባት።

እንጨት ሠሪ ያልሆነ ሰው እንዲገባው አንድ ነገር ላስረዳ። መጋዝ ውስጥ የገባ ጣውላ መሃል ላይ አይቆምም። ካቆሙት ምላጩ ባለበት ቦታ ላይ ያቃጥለዋል፤ ጥቁር ጠባሳ ይተክልበታል፤ ያ ጣውላ ከዚያ በኋላ ለበር አይሆንም። አባቴ ይህን ያስተማረኝ በኩርኩም ነው። እንግዲህ ጣውላው ግማሽ ደርሶ ሳለ ከሰጋቱራው ክፍል ጩኸት ሰማሁ። ቃል የሌለው ጩኸት አልነበረም። የጠራችው ስሜን ነው። ሁለት ጊዜ ጠራችኝ፤ በሦስተኛው ስሜ መሃል ላይ ድምፅዋ ታፈነ።

ጣውላውን ጨረስሁ። አርባ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ጣውላ አነሣሁና መጋዙ ላይ ጫንሁ። ለመጀመሪያው ጣውላ ምክንያት አለኝ። ለሁለተኛው የለኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁለትም።

አለቃው ጉልበቱን እያራገፈ ወጣ። አጠገቤ ቆመ፤ የሰነጠቅሁትን በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ አየና «ቀጥ ብሎልሃል፤ ጎበዝ» አለኝ። እታለም ከኋላው ወጣች። አፏ ውስጥ ሰጋቱራ ጎስጉሶባት ስለነበር መናገር አልቻለችም፤ በጣቷ እየቆፈረች ትተፋ ነበር። ከደሟ ጋር ተቦክቶ እንደ አናጢ ኮላ ይጎተት ነበር። ሁለት ጥርሶቿ አብረው ወደቁ። እኔ መጋዙን ያጠፋሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ብቻዋን በእግሯ ሄዳ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጠች። ስትመለስ ታላቅ ወንድሜ በሩ ላይ ጠብቆ በጥፊ መታት። «ቤታችንን አደባባይ ላይ ገፈፍሽው!» እያለ፣ በተሰበረው ጥርሷ በኩል ደግሞ መታት። እኔን በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ። መርማሪው ያለኝ «እኅትህ ጠርቼው ነበር፤ ሰምቶኝ ይሆናል ብላለች። ሰምተሃል?» ነው። የመለስሁትን እነሆ፤ «የማሽን ድምፅ ስለነበረ ምንም አልሰማሁም።»

ይህ ቃል ሐሰት ነው። ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ ተኩል ሰምቻለሁ። በሐሰት ቃል ለመጠየቅ ይርጋው እንዳለፈ አውቃለሁ፤ ሕጉ ቢያልፍልኝም እኔ ላሳልፈው አልፈልግም።

በዚያው ሳምንት ምግብ ማብሰያው ክፍል ውስጥ የእርቁን ወረቀት ጻፍሁ። ወንድሜ እየነገረኝ፣ እኔ እያረምሁ። እሱ «ደፍሯታል» ሲል፣ እኔ «በወጣትነት ስሜት የተፈጠረ አለመግባባት» ብዬ ጻፍሁ። ወንድሜ ጭኑን መታ፤ «እሰይ! ትምህርት ማለት ይኼ ነው!» አለ። እታለም አፏ እንዳበጠ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እስከ መጨረሻው አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብሁላት። «ቆንጆ ጽሑፍ ነው» ብላ ወጣች። በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ለአለቃው ተዳረች።

አራተኛ፤ ስለ እታለምና ስለ መዝገቦቹ። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ኖረች። መንጋጋዋን ሁለት ጊዜ ሰብሮታል። ሦስት ጊዜ ያረገዘችውን በእርግጫ አስወርዷታል። በሕጉ ባሏ ስለነበር በሌሊትም በቀንም የሚያደርጋት ሁሉ ስም አልነበረውም። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ «ከደረጃ ወደቀች» ተባለ። ደረጃው አራት እርከን ነው። ሬሳዋን እኔም አይቻለሁ፤ አንገቷ ላይ የጣት አሻራ ነበረ። ደረጃ ጣት የለውም።

እዚህ ላይ ጡረተኛዋ ነርስ ሳትጠየቅ ተናግራለች። «ካርዱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከደረጃ ወድቃ ብዬ። ሰውየው አጠገቤ ቆሞ እየነገረኝ፣ እኔ እየጻፍሁ። ሃያ ሦስት ቁስል ቆጥሬ አንድ ደረጃ ጻፍሁ። ይኼም ይግባልህ ወንድሜ።» ገብቷል።

እሷ በሞተች በዓመቱ መዝገብ ቤት ውስጥ የእሷን መዝገብ አገኘሁት። ስድስት ገጽ ነው። መጨረሻው «ተበዳይና ተከሳሽ ታርቀው ስለመጡ ተዘግቷል» ይላል፤ በሥሩ የእኔ የእጅ ጽሑፍ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ ጊዜ የዘጠና ዓመት መዛግብት ገለጥሁ። ተደፈርሁ ብለው የመጡ የአንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሴቶችን መዝገብ አነበብሁ። ከእነዚህ ውስጥ ስምንት መቶ ሦስቱ በእርቅ ተዘግተዋል። ዳኞቹ ይለዋወጣሉ፣ መንግሥቱም ይለዋወጣል፣ የወረቀቱም ቀለም ይለወጣል፤ ጥያቄው ግን አይለወጥም። «ጮኸሻል?» «ስንት ጊዜ?» «ማን ሰማሽ?» «ለምን ብቻሽን ሄድሽ?» አንዷ፣ ልብስ አጣቢ፣ እንዲህ ስትል ተጽፏል፤ «ጌታዬ፣ እሱን አንድ ጥያቄ ጠይቀውት ያውቃሉ?» ለዚህ አባባሏ ችሎት በመድፈር ሦስት ቀን ታስራለች።

ከአንድ ጦርነት በኋላ የተከፈተ አንድ አቃፊ አለ። ጀርባው ላይ «የጠፉና የተበላሹ ንብረቶች» ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ አንድ ገበሬ ያስመዘገበው ዝርዝር አለ፤ አሥራ አራት ላም፣ አንድ የስፌት መኪና፣ የአንድ ጎተራ እህል፣ ሁለት ሴት ልጆች። ከልጆቹ ፊት ለፊት ባለው ዓምድ ላይ «ተበላሽተዋል» ይላል። ይህ ገበሬ ክፉ ሰው አልነበረም። የተማርሁት ታሪክ እንደሚነግረኝ ከእሱ በፊት በብዙ ሺህ ዓመት የተጻፉ ሕጎችም ነገሩን እንደዚያው ነው የቆጠሩት። በደሉ በተደፈረችው ሳይሆን በአባቷ ወይም በባሏ ላይ ነበር፤ ካሣውም የእነሱ፤ ያበላሸ ይውሰድ የሚሉም ነበሩ። የተደፈረችው በከተማ ውስጥ ከሆነ ለምን አልጮኸችም፣ በሜዳ ከሆነ ብትጮኽም የሚሰማት የለም የሚሉም ነበሩ። እኔ ይህን በክፍል ውስጥ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አግኝቼበት ነው እንጨት ቤቱ ውስጥ ጣውላ የጨረስሁት። አንድም ሕግ፣ ስትጮኽ የሰማ ሰው ምን ይደረግ ብሎ ሲጠይቅ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዛሬው እመጣለሁ።

ወንድሜ በስተርጅናው የወለዳት፣ ሁላችንም ትንሿ የምንላት ልጅ የሃያ ዓመት ወጣት ናት። የእንጨት ቤቱን የቤት ዕቃ ንድፍ የምትሥለው እሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሠራተኞች ምሳ ወጥተው ሳለ፣ የአለቃው ልጅ በጣውላው መጋዘን ውስጥ ደፍሯታል። አለቃው ከእታለም ሞት በኋላ ካገባት ሴት የወለደው፣ አባቱ ሲሞት ወንድሜ በቦታው የተካው ነው። ቀኝ እጇን በመዝጊያው መሃል አድርጎ ሁለት ጣቶቿን ሰብሯል። በግራ እጇ መዶሻ አግኝታ ግድግዳውን አሥራ አንድ ጊዜ መትታለች። ክንዱን ነክሳ ሥጋውን አንሥታለች። የሐኪም ማስረጃው ተያይዟል። ከግድግዳው ባሻገር ያለው የአባቷ ቢሮ ነው። አባቷ ውስጥ ነበር። ለፖሊስ የሰጠው ቃል፣ ትንሿ ራሷ እያለቀሰች እንዳነበበችልኝ፣ «የማሽን ድምፅ ስለነበረ ምንም አልሰማሁም» የሚል ነው። የእኔን ቃል ከየት እንዳገኘው አልጠየቅሁም።

ነገር ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። አርባ ስድስት ዓመት መጋዝ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ እየጠጣ፣ የሚሰነጠቀው ጥድ ይሁን ባሕር ዛፍ፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ በጆሮው ይናገራል። መጋዝ እንጨት ሳይጫንበት ለአንድ ደቂቃ ከዞረ ደግሞ ከቢሮው እየሮጠ ወጥቶ «ማነው ባዶውን የሚያስጮኸው!» እያለ ያበደ ይመስላል። የአለቃው ልጅ ያን ቀን የሠራው ስሕተት ይህ ነው። ድምፅ እንዲሸፍንለት መጋዙን አብርቶ ጣውላ ሳይጭንበት ገባ። ትንሿ «መጋዙ እንጨት እንደ ገባበት እያቃሰተ አልነበረም አጎቴ፤ ዝም ብሎ ይዘፍን ነበር» ብላኛለች። የእንጨት ቤት ልጅ ናት፤ ለይታ ታውቃለች። ወንድሜ ግን ያን ቀን ከቢሮው አልወጣም።

ይህን እያስጻፍሁ ሳለ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ ሳያንኳኳ ገባ። የሆነውን ጸሐፊዋ እንደሰማችው እንድትጽፍ አዝዣለሁ።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ሰው? ሞተ እንዴ?» አለ።

«ገና ነው፤ ንብረት እያከፋፈለ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ለእኔ ካፖርት ደርሶኛል።»

«አንተ አፍህን ያዝ።» ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀቱን ጻፍህልኝ?»

«እየተጻፈ ነው፣ ጋሼ። ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም። መኪና አቁሜ ነው የመጣሁት። እስቲ አሳየኝ።»

«እርቅ አይደለም። ኑዛዜ ነው። ትንሿም አለችበት።»

«አንተ ልጅ፣ ሕመሙ ጭንቅላትህ ላይ ወጣ? ልጄ ናት እኮ! ከእኔ በላይ ልታዝንላት ነው? ወልደህ የማታውቅ! ነገ ችሎት ለችሎት ስትንከራተት ማን ዞር ብሎ ያያታል?»

«እሷ ምን አለች?»

«እሷማ ምን ታውቃለች? ጣቷ እስኪድን ቁጭ ብላ ታልቅስ። ልጁም አልቅሷል። ይቅርታ ብሏል። ያገባታል።»

«ጣቷን ማን ሰበረው?»

«ሲታገሉ ነዋ!»

«አንተ የት ነበርህ?»

«ቢሮ። አላየሁም፤ አልሰማሁም። ለፖሊስም ነግሬያለሁ። መጋዙ ይጮህ ነበር።»

«ምን እየሰነጠቀ?»

«ምን?»

«መጋዙ ጋሼ። ምን እየሰነጠቀ ነበር? ጥድ ነው ባሕር ዛፍ?»

«የምን ጥድ፣ የምን ባሕር ዛፍ! ባዶውን ነበር የሚ...»

በክፍሉ ውስጥ አራት ምስክሮች ነበሩ፤ አራቱም ሰምተዋል። ነርሷ «አምላኬ!» አለች። ጸሐፊዋ አንገቷን ሳታነሣ ጻፈች።

«ስንት ደቂቃ?» አልሁት።

«ስጪኝ ያን ወረቀት» አለ ለጸሐፊዋ። ዘለለባት። ልብስ ሰፊው መሃል ገባ፤ ወንድሜ የቁልፍ ዘለላ በጨበጠው እጁ አፉን መታው፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ወንድሜ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ያዘና ቀደደው። ጠራዡ፣ ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ ሰው፣ የቀሩትን ገጾች ሰብስቦ ከሥሩ አድርጎ ተቀመጠባቸው። «አሁን እኔን ይቅደዱኝ» አለ። እኔ ከአልጋው ለመነሣት ሞክሬ ወለሉ ላይ ወድቄያለሁ። ወንድሜ አላነሣኝም። ከላይ ሆኖ አየኝ።

«አንተ ነህ ለእኔ ፍርድ የምትሰጠኝ? አንተ? የመጀመሪያውን ማን ጻፈው? ማነው መጋዙ ላይ የቆመው?»

«እኔ ነኝ» አልሁት። «ተጽፏል። ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ታገኘዋለህ።»

በሩን በርግዶ ወጣ። እየወረደ ሳለ ደረጃው ላይ ሲያለቅስ ሰምተነዋል። ይህንንም የሚጠቅመው ከሆነ እንዲጠቅመው አስጽፌያለሁ።

ስለ ወረቀቶቹ ሁኔታ። አራተኛው ገጽ ስለተቀደደ ጸሐፊዋ ከቁርጥራጮቹ ላይ ቃል በቃል ገልብጣዋለች፤ ቁርጥራጮቹ በፖስታ ታሽገው ተያይዘዋል። በአምስተኛው ገጽ ግርጌ ያለው የደም ነጠብጣብ የልብስ ሰፊው ነው። በስድስተኛው ገጽ ላይ የተደለዘ ሁለት ቃል አለ፤ የተደለዘው ስድብ ነው፤ የእኔ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ እንጨት ቤቱ። አባታችን የተወልኝ ግማሽ ድርሻ፣ ሕንፃው፣ መሣሪያውና በውስጡ ያለው እንጨት ሁሉ በግማሽ፣ ከሞትሁበት ቀን ጀምሮ ለወንድሜ ልጅ ለትንሿ ይተላለፍ። ይህ ስጦታ ምንም ቅድመ ሁኔታ የለበትም። ችሎት ብትቆምም ባትቆምም፣ ብትመሰክርም ብትደክምም የእሷ ነው። ሴት ልጅ ቃሏን የምትሰጠው ተከፍሏት ነው እንዲባል አልፈልግም፤ ባለመስጠቷም እንድትቀጣ አልፈልግም። በሕይወት እያለሁ ደግሞ እንደ ባለድርሻ ለአለቃው ልጅ የሥራ ስንብት ደብዳቤ ዛሬ ፈርሜያለሁ። የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልገዋል፤ የወንድሜ ቦታ ክፍት ነው። ለጥር 14ቱ ጉዳይ የእርቅ ወረቀት አልጽፍም። ከእንግዲህ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ያለበት የእርቅ ወረቀት የሚያመጣ ሰው ካለ ሐሰተኛ ነው።

ስድስተኛ፤ ስለ መዝገቦቹ። ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱ መዛግብት ያወጣሁት ማስታወሻ፣ አሥራ ዘጠኝ ደብተር፣ ስማቸው ሳይጠቀስ እንዲታተም ለጸሐፊዋና ለጠራዡ በአደራ ሰጥቻለሁ። የእታለም ግን በስሟ ይታተም። የእኔም በስሜ።

ሰባተኛ፤ ለትንሿ። ምክር ለመስጠት መብት ያለኝ አይመስለኝም፤ ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ። ችሎት ላይ «ጮኸሻል?» ይሉሻል። አሥራ አንድ ጊዜ በመዶሻ መትቻለሁ በያቸው። «ማን ሰማሽ?» ይሉሻል። እዚያ ላይ ዝም በይ። እሱ የአንቺ ጥያቄ አይደለም፤ የሰማው ሰው ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ጣቶችሽ ይቀናሉ ብሏል። ባይቀኑም በግራ እጅሽ መሥመር መሣል ትለምጃለሽ፤ ጠማማ ይሆናል መጀመሪያ፤ ግድ የለም። አባትሽን እንድትጠዪው አልልሽም፤ እንድትወጂውም አልልሽም። ያንቺ ጉዳይ ነው። ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ይቅር በዪ የሚልሽ ካለ መጀመሪያ ምን እንደሰማ ጠይቂው።

ይህ ኑዛዜ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚህ በፊት የጻፍሁት ቢኖር ሽሬዋለሁ። ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ ጮክ ብላ አንብባልኛለች፤ አራቱም ምስክሮች አብረውኝ ሰምተዋል። ቃሌ ነው።

ቃል ሰጪ፤ (ፊርማ)

ምስክሮች፤ ጡረተኛዋ ነርስ (ፊርማ)። ልብስ ሰፊው (ፊርማ፤ «ከንፈሬ ስላበጠ በቃል አልጨምርም» ብሏል)። ጠራዡ (ፊርማ)። ጸሐፊዋ (ፊርማ)።

ከፊርማዎቹ በታች፣ በምስክሮቹ ፊት የተጨመረና በድጋሚ የተፈረመበት፤ ለታላቅ ወንድሜ።

ጋሼ፤ አራት ሰው የሰማውን ፍርድ ቤት ልንናገረው እንችላለን፤ እንናገረዋለንም። እኔ እስከዚያ ከቆየሁ በቃሬዛም ቢሆን ሄጄ፣ ያንን ሠላሳ ስምንት ዓመት ያዘልሁትን ቃል በችሎት ፊት እሽራለሁ። የምፈልገው ግን ይህን አይደለም። የምፈልገው፣ አንተው በገዛ እጅህ ለፖሊስ የሰጠኸውን ቃል የሚያርም ጽሑፍ እንድትጽፍ ነው። መጋዙ ባዶውን ስንት ደቂቃ እንደዞረ፣ መዶሻው ስንት ጊዜ እንደተመታ፣ አንተ ወንበርህ ላይ ምን እያሰብህ እንደተቀመጥህ ጻፍ። አታሳምረው። እኔን የፈራኸኝ ከሆነ በቅርቡ እሞታለሁ። እሷን የፈራሃት ከሆነ፣ ጥሩ ነው፤ ፍራት።

በሽማግሌ የተላከ ቃል አልቀበልም። በስልክ አልቀበልም። ራስህ መጥተህ ብታለቅስም አልቀበልም። ጽሑፉን ለእኔ አታድርገው፤ «ይድረስ ለልጄ» ብለህ ጀምረው፤ ፈርምበት፤ አንዱን ቅጂ ለእሷ፣ አንዱን ለዐቃቤ ሕግ፣ አንዱን ለጸሐፊዋ። ሰኞ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት መልስህ በጽሑፍ ይድረሰን።